ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

(ደሴ ውስጥ የንባብ ወዳጆችና ጀማሪ ጸሐፍት በተሰበሰቡበት ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ስገለብጠው ሳሌን አውጥቻለሁ፤ ሌላውን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

አሰላሙ አለይኩም! እንደምን ዋላችሁ!

ሁለቱንም ያልኩት ወሎዬ ስለሆንኩ ነው። አንዱን ብቻ ብዬ ብወርድ ግማሹ ዘመዴ ያኮርፈኛል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከኮምቦልቻ ስነሳ ፀሐይ ነበር። ሐረጎን ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን፤ እዚህ ስደርስ ጦሳ ተራራ ራሱን ተከናንቦ አገኘሁት። ይህን የለበስኩትን ጋቢ ያዋሱኝ እዚህ ፊት የተቀመጡት እናት ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ረስቼው ልሄድ ስል ካያችሁኝ ጩሁብኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለሌለ ሀገር ነው። ዛባ ይባላል። ካርታ ላይ አትፈልጉት። ዛብ ታውቃላችሁ፤ ከልጓሙ ተነስቶ ጋላቢው እጅ የሚገባው ጠፍር። ዛባ የዛብ ሀገር ነው፤ ዛብ የጨበጠ ሁሉ ዛቤ ይባላል። አንድ ወዳጄ "ዛባ ስትል የተዛባ ይመስላል" አለኝ። ይምሰል! ቢዛባስ ማን ይከሰኛል? ዳር የሌለው የሣር ሜዳ ነው። ዛፍ የለውም፣ ከተማ የለውም፣ አጥር የለውም። ሰዎቹ ቤታቸውን ነቅለው፣ ጭነው፣ ከብታቸውን ተከትለው የሚኖሩ ፈረሰኞች ናቸው። በአራቱም ማዕዘን ደግሞ የሚያሰጋቸው አለ። በደቡብ ግንብ የሚገነባ የገበሬ መንግሥት አለ። በሰሜን ከጫካ የሚወጡ ባለ ጠመንጃዎች አሉ። በምዕራብ ወርቅ አበድረው ልጅ የሚወስዱ ነጋዴዎች፣ በምሥራቅ ደግሞ እንደነሱው ፈረሰኛ የሆነ፣ ሣራቸውን የሚመኝ ሌላ ሕዝብ አለ።

ሰባት ዓመት ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ሦስተኛውን ይዤ አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ሁለት ገጽ አገላብጦ፣ "የኛ ሰው ስለ ሣር ሜዳ ፈረሰኛ ምን አገባው?" አለኝ። መልሱ አልጠፋኝም፤ የመጣልኝ ግን ደረጃውን ወርጄ ስጨርስ ነው። ተመልሼ መውጣት ደግሞ አፈርኩ። እና ያንን መልስ ለእናንተ ልሰጥ ነው የመጣሁት።

ምን አገባን? ምን አገባን ይባላል? ንጉሥ ሚካኤል አባ ማን ነበሩ? (ከአዳራሹ፦ አባ ሻንቆ!) አባ ሻንቆ! አጤ ቴዎድሮስስ? አባ ታጠቅ! ምኒልክ? አባ ዳኘው! ባልቻ? አባ ነፍሶ! ተመልከቱ፤ ሰው በልጁ ስም ሳይሆን በፈረሱ ስም አባት የሚባልበት ሀገር ልጆች ነን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የወሎ ፈረሰኛ ከራስ ሚካኤል ጋር ነበረ። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ፣ እኚያው ራስ፣ አሁን ንጉሥ ሆነው፣ ተሸንፈው ተማረኩ። የደሴን አይጠየፍ አዳራሽ ያሠሩት ሰው ማለት ናቸው። የፈረሰኛ ክብርም ውድቀትም ከዚህ ከተማ በር ላይ ነው የተነሳው። እና ይሄ ሕዝብ ስለ ፈረሰኛ ምን አገባው?

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ ፈረሱ መቼ ይበላል? ሁለተኛ፣ ገበያው መቼ ይዘጋል? ሦስተኛ፣ ባዶው መሬት የማን ነው? ሦስተኛው ነው ዋናው። ሰዓት ካለቀብኝ ሁለተኛውን ቆርጬ ወደሱ እሄዳለሁ፤ አስተናባሪው ይታዘበኝ።

አንደኛው። ፈረሱ መቼ ይበላል?

አጎቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ጋሪ ነድተዋል። ባጃጅ ሳይመጣ በፊት ማለት ነው። ማንበብ አይወዱም፤ ማድመጥ ግን ይወዳሉ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስጨርስ በቡና ላይ አነበብኩላቸው። ጀግናው ጠላት መጣ ሲባል ዳማውን ኮርቻ ጭኖ፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ሳያርፍ ጋልቦ ለሕዝቡ ያደርሳል። እኔ እያነበብኩ ልቤ ይመታል። አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ። አንብቤ ጨረስኩ። አጎቴ ዝም አሉ። ከዚያ ምን አሉኝ?

"ፈረሱ መቼ በላ?"

"ልብ ወለድ ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"ልብ ወለድ ከሆነ ሰውየውን አታብላው። ፈረሱ ግን ይብላ። በሬ መሰለህ? በሬ ይበላና ተኝቶ ያመሰኳል። ፈረስ አያመሰኳም። ቀኑንም ሌሊቱንም ሲግጥ ነው የሚኖረው። አንተ ሦስት ቀን ስትጋልበው ጀግናህ የሚደርሰው በሬሳ ላይ ተቀምጦ ነው።"

በረካውን ሳልጠጣ ተነሳሁ። ያን ዕለት ነው መጀመሪያ የቀደድኩት።

ከዚያ ወዲያ ማንበብ ጀመርኩ። እውነተኞቹ የሣር ሜዳ ፈረሰኞች እንዴት ነው የሚኖሩት? ሜዳው ከአውሮፓው የዳኑብ ወንዝ ጀምሮ እስከ ማንቹሪያ የተዘረጋ ነው። የዛሬው ለማዳ ፈረስ ሁሉ አያት የተገኘውም በዚሁ ሜዳ ላይ፣ በቮልጋና በዶን ወንዞች አካባቢ ነው፤ ከዛሬ አራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት። የሞንጎል ወታደር በአንድ ፈረስ አይዘምትም ነበር፤ ሦስትም አራትም አምስትም እየጎተተ፣ አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው እየዘለለ ነው። የአጎቴ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ግን የሚገርመው ይሄ አይደለም። የሚገርመው፣ እነዚህ "የፈረስ ሕዝብ" የምንላቸው ሰዎች ኑሯቸው በግ መሆኑ ነው።

በግ! ሞንጎሎች ከብታቸውን አምስት አፍንጫ ይሉታል፦ ፈረስ፣ ግመል፣ ላም፣ በግ፣ ፍየል። ጀግና የሚያደርግህ ፈረሱ ነው፤ የሚያበላህ፣ የሚያለብስህ፣ ጣራ የሚሆንህ ግን በጉ ነው። ያ ክብ ድንኳናቸው ምንድን ነው? የእንጨት ርብራብ ላይ የተጠቀለለ፣ ተረግጦና ተጠቅጥቆ የተሠራ የበግ ፀጉር ነው። መንዝ የሄደ አለ? ባና ለብሶ ያደረ? ባናውን ቤት አድርጉትና አስቡት። ዛባን እንደገና ስጽፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈረስ የለም። አንዲት ባልቴት የበግ ፀጉር ስትረግጥ ነው የሚጀምረው። አሳታሚው ይህን ቢያነብ ምን እንደሚል እኔ እንጃ።

የባዝራ ወተትም ይጠጣሉ። አዎ፣ ባዝራ ትታለባለች! ምን ያስቃችኋል? ውርንጭላዋን አጠገቧ አቁመው ነው የሚያልቧት፤ ጡቷ ብዙ ስለማይዝ በቀን ደጋግመው። ወተቱን በቆዳ ከረጢት እየናጡ ያኮመጥጡታል፤ ትንሽ ያሰክራል። ሼሆቹ እንዳይቀየሙኝ፣ ዛባ ውስጥ የማያሰክረውንም ሠርቻለሁ።

አሁን ወደ ስጋቱ ልምጣ። "በስጋት የተከበበ ሕዝብ" ብላችሁ ልትጽፉ ስትነሱ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ምንድን ነው? ጦር! አቧራ! ነጋሪት! እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የሣር ሜዳው የመጀመሪያ ጠላት ግን ጦር አይደለም። በረዶ ነው። ክረምት ስላችሁ የኛን ሐምሌ አትያዙ፤ ምድር የሚነጣበትን ክረምት ነው የምላችሁ። ተራ በረዶ አይገድላቸውም፤ ፈረሱ በኮቴው ይቆፍርና ሣሩን ያወጣዋል፤ በጉ ከኋላ እየተከተለ የተረፈውን ይለቅማል። ችግር የሚመጣው በረዶው ትንሽ ሲቀልጥና መልሶ ሲጋገር ነው። መስተዋት ይሆናል። ኮቴ አይበሳውም። ሣሩ ከታች ይታያል፤ አይበላም። ሞንጎሎች ድዙድ ይሉታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 መጨረሻና በ2010 መጀመሪያ በነበረው አንድ ክረምት ብቻ ሞንጎልያ ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት አልቋል።

ለወሎ ሰው ስለ ከብት እልቂት እኔ አላስተምርም። 66ንም 77ንም ያየ ሰው እዚህ ተቀምጧል። እኔ የምለው፣ ዛባን ስትጽፉ መጀመሪያ ሰማዩን ጻፉት። እኔ "የብርጭቆ ክረምት" አልኩት። ያ ክረምት ሲመጣ አንድ ማምለጫ ብቻ አለ፤ ወዳልተነካ ሣር መሄድ። ይቺን ነገር ያዙልኝ። ያልተነካ ሣር። በኋላ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው። ገበያው መቼ ይዘጋል?

አባቴ የእህል ነጋዴ ነበር። ሰኞ ሰኞ ባቲ ይወርዳል። ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባቲን የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ... የለም። ጥሩ። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውን ይዞ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው ማሽላውን፣ ጤፉን፣ ሸማውን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እከተለው ነበር። አንድ ሰኞ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠና ከኛ ወገን ማንም አልደረሰም። በማግስቱ አባቴና እኔ ደረስን። ገበያው ባዶ ነው። አንድ አፋር ሽማግሌ ብቻ ግመሎቻቸውን አስተኝተው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሱም። ቅቤው ቀልጧል። አባቴን ሲያዩ ሰላም እንኳን አላሉትም። "እህል አለህ?" ብቻ።

ሲመለስ አባቴ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ እያየ እንዲህ አለኝ፦ "አንድ ሰኞ ቢቀር ብስጭት ነው። ሁለት ሰኞ ቢቀር ጠብ ነው። ሦስት ሰኞ ቢቀር ማን እንደጀመረው የማይታወቅ ጦርነት ነው።"

ሃያ ዓመት ያህል ረስቼው ኖሬ፣ ስለ ቻይናና ስለ ሞንጎል ሳነብ ትዝ አለኝ። ያ ታላቁ ግንብ፣ በፎቶ የምታዩት፣ አብዛኛው የሚንግ ነገሥታት ሥራ ነው። ለምን ሠሩት? ፈረሰኛው እንዳይገባ። ፈረሰኛው ለምን ይገባል? እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እህል የለውም። ሻይ የለውም። ድስት የሚሠራበት ብረት እንኳን ይቸግረዋል። ፈረስ አለው፤ ቻይና ደግሞ ጥሩ ፈረስ የላትም። ተፈጥሮ ራሷ ገበያ አድርጋ ፈጥራቸዋለች! ግን መንግሥቱ "ከአረመኔ ጋር አልገበያይም" አለ። አልታን ካን የሚባል የሞንጎል መሪ ገበያ ክፈቱልኝ ብሎ ለመነ፣ መልእክተኛ ላከ፤ እንቢ ተባለ። በ1550፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ግንቡን አልፎ ቤጂንግ በር ድረስ ዘረፈ፣ አቃጠለ። በ1571 ሰላም ሆነና ገበያው ተከፈተ። ድንበሩ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ድንጋይ ያላስቆመውን ፈረሰኛ ሻይ አስቆመው።

እና የዛባ የደቡቡ ጠላት ማን ነው? ጄኔራል ነው? አይደለም! አንድ ጸሐፊ ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ እጁ ቀለም የነካው ሰው። አንድ ቀን ማለዳ የግንቡን የገበያ በር በማኅተም ያሽገዋል። ሰይፍ አልተመዘዘም። ፈረሰኛው ከውጭ ቆሞ ማኅተሙን ያያል። በእኔ መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የሚያስፈራ ገጽ የለም፤ ይህን የምለው ራሴን ላሞግስ አይደለም፣ አጎቴም ያን ገጽ ሳነብላቸው ቡናቸውን አስቀምጠዋል።

ከባቲ ሌላም ነገር ወስጃለሁ። ዳጉን። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። የት ዘነበ? የማን ግመል ጠፋ? ማን ሞተ? ማን መጣ? ያየውንና የሰማውን ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውም ያንኑ ይዞ ይቀጥላል። ወሬው ከመኪና ይቀድማል። ሞንጎሎች ትኩስ ፈረስ የሚቀየርበት የመልእክት ጣቢያ በየመንገዱ ተክለው ነበር፤ ያ የመንግሥት ነው። ዳጉ ግን መንግሥት የማያስፈልገው ነው። እኔ ለዛባ የሰጠሁት ዳጉን ነው። በዛባ ሕግ መንገድ ላይ ተገናኝቶ ከፈረሱ ሳይወርድ ያለፈ ሰው ሌባ ነው።

ሰዓቱን አየሁት፤ ልሩጥ።

ሦስተኛው። ባዶው መሬት የማን ነው?

ተረት ልንገራችሁ። ተረት ልበለው እንጂ ሲማ ቺየን የሚባለው የቻይና ታሪክ ጸሐፊ የመዘገበው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ209 ገደማ ነው። ሺዮንግኑ የሚባሉ ፈረሰኞች ነበሩ። በደቡባቸው ቻይና፣ በምዕራባቸው ዩዌጂ፣ በምሥራቃቸው ዶንግሁ፤ ሁሉም ይበልጧቸዋል። ተከብበዋል። የመሪያቸው ልጅ ሞዱ ይባላል። አባቱ ሌላውን ልጁን ማንገሥ ስለፈለገ ሞዱን ለዩዌጂ መያዣ አድርጎ ሰጠው፤ ከዚያ እንዲገድሉለት ብሎ ዩዌጂን ወጋ። የእንጀራ ልጅ እንኳን እንዲህ አይደረግ! ልጁ ግን የጠላቶቹን ምርጥ ፈረስ ሰርቆ አመለጠ። ቆይቶ አባቱን ገደለ፣ ነገሠ። እንዴት እንደገደለው ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ፤ ልጆች አሉ።

ዶንግሁዎች ይሄ ጀማሪ ነው ብለው ናቁት። መልእክተኛ ላኩ። "ያንን በቀን ሺህ ሊ (የቻይና የርቀት መለኪያ ነው) የሚሄደውን ፈረስ ስጠን።" መኳንንቱ፣ "የሕዝባችን ሀብት ነው፣ አይሰጥም!" አሉ። ሞዱ፣ "ለጎረቤት አንድ ፈረስ ይነፈጋል?" አለና ሰጠ። እንደገና ላኩ። "ከሚስቶችህ አንዷን ስጠን።" መኳንንቱ ጦር ነቀነቁ። ሞዱ፣ "ለጎረቤት አንዲት ሴት ትነፈጋለች?" አለና ሰጠ። (ከአዳራሹ ጉርምርምታ) አውቃለሁ፣ እኅቶቼ፣ አውቃለሁ። እኔም እዚህ ላይ ሞዱን አልወደድኩትም። ሦስተኛ ላኩ። "በኛና በናንተ መካከል ማንም የማይኖርበት ባዶ መሬት አለ። እሱን ስጠን።" መኳንንቱ በዚህ ጊዜ ተዝናኑ። ከፊሎቹ፣ "ምን ይሠራል፤ ባዶ ነው። ብትሰጥም ባትሰጥም ያው ነው" አሉ።

ሞዱ ተነሳ። "መሬት የሀገር መሠረት ነው! እንዴት ይሰጣል?" አለ። ስጥ ያሉትን አንገታቸውን ቆረጠ። ፈረሱ ላይ ወጣ። ዶንግሁዎች ንቀውት ስለነበር ጠባቂ እንኳን አላቆሙም። አጠፋቸው።

ይህን ሳነብ ሌሊት ነበር። መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው። ሻማው እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ፈረሰኛው ፈረሱን ሰጠ። ባዶ መሬት ግን ከለከለ። ለምን?

ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አሁን ስጡኝ። ያልተነካ ሣር! ባዶ መሬት ለገበሬ ባዶ ነው። ለከብት አርቢ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጎተራ ነው። መንዝ ላይ ጓሳን ታውቃላችሁ? ሕዝቡ ዓመታት ዘግቶ ያቆየው ነበር፤ ማንም አይግጥበትም፣ ማንም አያጭድበትም። የማያውቅ መንገደኛ አይቶ "ይሄ ሁሉ መሬት ጦሙን አድሯል" ይላል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ይከፈታል። ጎተራ ነው! የዛባም ባዶ ሜዳ እንደዚያ ነው። የብርጭቆ ክረምት ሲመጣ የሚሄዱበት እሱ ብቻ ነው።

ሌላም ሥራ አለው። መሸሻ ነው። ከሞዱ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የፋርሱ ዳርዮስ እስኩቴሶችን ሊወጋ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ወዳለው ሜዳ ገባ። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ነው የሚተርከው። እስኩቴሶች አልገጠሙትም። ይሸሻሉ፤ ይከተላል። ይሸሻሉ፤ ይከተላል። ዳርዮስ ተናደደና ወደ ንጉሣቸው ላከ፦ "ወይ ቁምና ተዋጋ፣ ወይ ገብር።" ኢዳንቲርሶስ ምን ብሎ መለሰ? "አልሸሸሁህም። በሰላሙም ጊዜ የምኖረው እንዲሁ ነው። የምሰጋለት ከተማ የለኝም፣ የምሰጋለት ማሳ የለኝም። መዋጋት ከፈለግህ የአባቶቻችንን መቃብር ፈልግና ንካው፤ ያኔ እንደምንዋጋ ታያለህ።" ወፍ፣ አይጥ፣ እንቁራሪትና አምስት ፍላጻ ላከለት። ወይ እንደ ወፍ ብረር፣ ወይ እንደ አይጥ መሬት ግባ፣ ወይ እንደ እንቁራሪት ውኃ ውስጥ ዝለል፤ አለበለዚያ ፍላጻው አለ ማለት ነው ብለው ፈቱት። ዳርዮስ ተመለሰ።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" እንላለን አይደል? ኢዳንቲርሶስ ይህን ተረት ቢሰማ "እሱንማ!" ይል ነበር። ማድረሱ፣ ማራቁ፣ እሱ ነው ውጊያው። ግን ልብ በሉ። እስኩቴሶች መሸሽ የቻሉት ከኋላቸው ሜዳ ስለነበረ ነው። ፈረስ አለኝ ብትል ሜዳ ከሌለህ ምን ታደርገዋለህ?

ሜዳው እንዴት አለቀ? በሞንጎል በኩል ዙንጋር የሚባሉ ነበሩ፤ የመጨረሻው ትልቅ የሣር ሜዳ መንግሥት። ከአንድ ወገን ሩሲያ፣ ከሌላው የቺንግ ነገሥታት ቻይና እየገፉ መጡ። በ1689፣ ይሄም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፣ ሁለቱ ኔርቺንስክ ላይ ተቀምጠው ተዋዋሉ፤ ድንበር አሰመሩ። ዙንጋሮች እዚያ ስብሰባ ላይ አልነበሩም። ከዚያ ወዲያ አንዱን ሸሽተህ ወደ ሌላው ነው የምትገባው። ከ1755 እስከ 1758 ባለው ጊዜ ቺንግ አጠፋቸው፤ ሰይፍና ፈንጣጣ ተጋግዘው። ሕዝብ ነበር። አለቀ።

ተከበበ ማለት ይሄ ነው! አራት ጠላት መኖሩ አይደለም። ሞዱም ሦስት ነበረው። መከበብ ማለት በጠላቶችህ መካከል ያለው ባዶ መሬት ማለቁ ነው። ይህ ሳይገባኝ ሁለተኛውን ረቂቅ ጽፌ ነበር። አራት ጦርነት ነበረበት፤ ለያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ። ቀደድኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አራተኛ ነጥብ አትበሉት። ከዙንጋር ዘመዶች መካከል ከረጅም ጊዜ በፊት ወደ ቮልጋ የሄዱ ካልሚኮች ነበሩ። የሩሲያ መንግሥት እያጠበባቸው መጣ፤ መሬታቸው ላይ ሰው ያሰፍራል፣ ልጆቻቸውን ለጦርነት ይጠራል። በጥር 1771 መሪያቸው ኡባሺ፣ "ወደ አባቶቻችን ሀገር እንመለስ" አለ። ዙንጋር ባዶ ሆኗላ! ከወንዙ በስተምሥራቅ የነበሩት፣ ከ150 ሺህ በላይ ሰው፣ ድንኳን ነቅለው ተነሱ። ከወንዙ በስተምዕራብ ያሉትስ? ቮልጋ በረዶ ሲሆን ተሻግረው ሊቀላቀሉ ነበር። ያን ዓመት ግን ወንዙ አልረጋላቸውም። መሻገር አልቻሉም፤ ቀሩ። የሄዱት በመንገድ በብርድ፣ በረኃብ፣ በወራሪ አለቁ፤ ቻይና ድንበር የደረሱት ከግማሽ በታች ናቸው። የቀሩት ዛሬም በቮልጋ ምዕራብ አሉ፤ ካልሚክያ ይባላል።

አያችሁ፣ የበረዶው ነገር? አንዱ ጋ በረዶ መሆኑ ይገድላል፤ ሌላው ጋ በረዶ አለመሆኑ ሕዝብን ለሁለት ይከፍላል። ይህን ከልቤ አምጥቼ ብጽፈው ኖሮ፣ "አጋነንክ" ትሉኝ ነበር።

እሺ። ዛባ አሁን የት ደርሷል? አልጨረስኩትም። የብርጭቆ ክረምት መጥቷል። የደቡቡ በር ታሽጓል። የሰሜኖቹና የምዕራቦቹ ተስማምተው በዛባ ጀርባ መስመር አስምረዋል፤ ማንም ለዛቤ አልነገረውም፤ ዳጉ ግን አደረሰው። ከምሥራቅ መልእክተኛ መጥቷል፤ ባዶውን ሜዳ ጠይቆ። በምላሹ ለዘንድሮ ክረምት የሚበቃ ድርቆሽ ይሰጣል። እውነተኛ ድርቆሽ ነው፤ አታልሏቸው አይደለም። በጎቹ እያለቁ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የበግ ፀጉር ስትረግጥ የነበረችው ባልቴት ናት መልስ የምትሰጠው፤ ሹም ሞቷል፣ ወንዶቹ ተከፋፍለዋል። መልእክተኛው ድንኳኑ በር ላይ ቆሟል። እሷ መርገጧን አላቆመችም።

እዚያ ላይ ቆሜያለሁ። አምስት ወር ሆነኝ። እንደ ሞዱ "አይሰጥም!" ብላ ብትነሳ ደስ ይለኛል፤ ግን ሞዱ ጦር ነበረው፣ እሷ ያላት ሦስት መቶ የተራበ ፈረስ ነው። ሰጥታ በጎቹን ብታድን፣ በሚቀጥለው የብርጭቆ ክረምት የት ይሄዳሉ? አጎቴን ጠየቅኳቸው። "ድርቆሹን መጀመሪያ ለፈረሶቹ ታብላ፣ መልሱን ከዚያ ታስብ" አሉኝ። ይሄ መልስ ነው፣ ወይስ የጋሪ ነጂ አመል?

እና እናንተ ምን ትላላችሁ? የምሬን ነው የምጠይቃችሁ። ትስጥ ወይስ አትስጥ? ሐረጎን ሳይጨልም መውረድ ስላለብኝ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው ያለኝ። ማይክሮፎኑን ወደኋላ አሳልፉልኝ። ከቆሙት እንጀምር። አንቺ፣ ባለ ሰማያዊ ሻርፕ፣ እጅሽን ቀድመሽ ያወጣሽው። ቀጥይ።